የድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፍኬት ምንድን ነው? ከአፕዴት በኋላ ስለሚመጣው ማስጠንቀቂያ

«ዊንዶውሱን አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ድረ ገጽ አልከፍት ካለ አትጨነቁ፤ ከማስጠንቀቂያው ሥር ‹ቀጥል› የሚለውን ተጭናችሁ እለፉ፤ ችግሩን ያመጣው አፕዴቱ ነው» የሚል ምክር እዚህ ባሕር ዳር ሲዘዋወር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህን የሚመክሩት ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ኮምፒውተር የሚጠግኑና ሰው የሚያምናቸው ናቸው። ሆኖም ምክሩ ሁለት ስሕተቶችን ይዟል፤ ሁለቱም የሚመነጩት ሰርተፍኬት ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር ካለመለየት ነው።

ሰርተፍኬት ማለት አንድ የኢንተርኔት አድራሻ የአንድ ምስጢራዊ ቁልፍ (ባለቤቱ ብቻ የሚይዘው ረጅም ቁጥር) ባለቤት መሆኑን ሦስተኛ ወገን የመሰከረበት ፋይል ነው። ከቀበሌ የሚጻፍ ደብዳቤን አስቡ። ባለጉዳዩ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲሄድ፣ የምትቀበለው ሠራተኛ ሰውየውን አታውቀውም፤ የምታውቀው ማኅተሙን ነው። በመሳቢያዋ ውስጥ የታወቁ ማኅተሞች ናሙና አለ፤ ከናሙናው ጋር ታስተያያለች፣ ስሙንና ቀኑን ታያለች፣ ከዚያ ትቀበላለች ወይም ትመልሳለች። ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ብራውዘርም፣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የማኅተም ናሙናዎቹ ሩት ሰርተፍኬት ይባላሉ፤ ዊንዶውስና ማክ የየራሳቸውን ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፣ ፋየርፎክስ ከጥንትም የራሱ አለው፣ ክሮምም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በራሱ ዝርዝር መጠቀም ጀምሯል። በዚያው ኮምፒውተር ላይ አንዱ ብራውዘር የተቀበለውን ሌላው ሊመልሰው የሚችለው መሳቢያቸው ስለሚለያይ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ማኅተም በቀጥታ በድረ ገጹ ሰርተፍኬት ላይ አያርፍም። ዋናው ተቋም በሥሩ ላለ ቢሮ ውክልና ይሰጣል፤ ደብዳቤውን የሚያትመውም ያ ቢሮ ነው። ስለዚህ ባለጉዳዩ የውክልናውንም ወረቀት አባሪ አድርጎ ማቅረብ አለበት። ሰርቨር (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን አባሪ ሲረሱት አንዳንዱ ብራውዘር ወረቀቱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ሌላው ግን አያገኘውም፤ «እኔ ጋ ይከፍታል» የሚለው አነጋገር ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ምሳሌው የማይደርስበትንም ቦታ መናገር ይገባኛል፤ የወረቀት ደብዳቤ ቢሰረቅ ሌባው ይዞት ሊቀርብ ይችላል፣ ሰርተፍኬት ግን ለማንም የሚታይ ፋይል ስለሆነ መገልበጡ ብቻውን ለሌባው አይጠቅመውም። ሰርቨሩ ግንኙነት በከፈተ ቁጥር ምስጢራዊው ቁልፍ በእጁ መሆኑን በሂሳብ ማሳየት አለበት።

አሁን «አፕዴቱ አበላሸው» ወደሚለው ልመለስ። አፕዴት የባለጉዳዩን ደብዳቤ አይነካም፤ የሚያድሰው መሳቢያውን ነው። አዳዲስ ማኅተሞችን ያስገባል፣ አመኔታ ያጡትን ያወጣል። ለምሳሌ ጎግል በ2018 እ.ኤ.አ. በክሮም 70 ሰርተፍኬት ሰጪ የነበረውን የሲማንቴክን ነባር ሰርተፍኬቶች መቀበል ሲያቆም፣ የተበላሸው ብራውዘሩ ሳይሆን ማኅተሙን ሲሰጥ የነበረው ተቋም አሠራር ነበር። እንዲያውም ታሪኩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ዲ.ኤስ.ቲ. ሩት ሲ.ኤ. ኤክስ 3 የሚባለው የቆየ ሩት ሰርተፍኬት መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጊዜው ባለፈበት ዕለት፣ በነጻ ሰርተፍኬት በሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚጠቀሙ ድረ ገጾችን አንቀበልም ያሉት ለረጅም ጊዜ ያልታደሱ ማክ ኮምፒውተሮችና አይፎኖች ናቸው። አዲሱ ማኅተም በመሳቢያቸው አልነበረም። ኢንተርኔት ለመቆጠብ ብለው አፕዴትን ጨርሰው የሚዘጉ መሥሪያ ቤቶች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ሁለተኛው ስሕተት «ቀጥል» የሚለው ነው፤ የሚያሳስበኝም ይበልጡን ይህ ነው። አንድ አስተያየት ሰጪ «ብታልፉም መረጃው እንደሆነ ይመሰጠራል፤ ማንም አያነበውም» ሲል ተከራክሯል። መመሰጠሩ እውነት ነው። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የሚለው ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ አልተቻለም ነው፤ ታዲያ ከማይታወቅ ወገን ጋር በምስጢር መነጋገር ምኑ ነው ጥበቃው? የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ሰው ሁሉ ሰውራችሁ ለዚያ ለማይታወቀው ወገን ታስረክባላችሁ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ድረ ገጹ ቫይረስ አለበት አላለም፣ ባለቤቱ አጭበርባሪ ነው አላለም፤ ምንም ችግር የለም ማለትም አይደለም። የዚህም ግልባጭ መታወቅ አለበት፦ ትክክለኛ ሰርተፍኬት የባለቤቱን ጨዋነት አይመሰክርም። የአጭበርባሪ ድረ ገጽም ለራሱ አድራሻ በሕጋዊ መንገድ ሰርተፍኬት ያወጣል፤ ክሮም በ2023 እ.ኤ.አ. የጓጉንቸር ምልክቱን ከአድራሻው አጠገብ ያነሣውም ሰዎች ምልክቱን የታማኝነት ማረጋገጫ አድርገው ስለሚያዩት ነው። በአንዳንድ ድረ ገጾች ላይ «ቀጥል» የሚለው ጭራሽ የማይታየው ደግሞ የድረ ገጹ ባለቤት እንዲህ ያለ ማለፊያ እንዳይኖር አስቀድሞ ብራውዘሩን ስላዘዘ ነውና ብልሽት አይደለም።

ከአፕዴት በኋላ ለሚመጣ ማስጠንቀቂያ በሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ምክንያት የቀን መዛባት ነው። እያንዳንዱ ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ብራውዘሩ ይህን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ የዴስክቶፕን ሰዓት የምታስቆጥረው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ናት። እርሷ ካለቀች፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ሶኬቱ ሲነቀል ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። አፕዴቱን ጨርሶ ማታ የተዘጋ ኮምፒውተር ጠዋት ሲነሣ ሁሉም ድረ ገጽ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሰውየው ግን የሚያስታውሰው አፕዴቱን እንጂ ባትሪዋን አይደለም።

ቀጥሎ ያለውን የውጭ አገር መመሪያዎች አይጽፉትም። ቀኑን በእጁ የሚያስተካክል ሰው በእኛ አቆጣጠር ዓመቱን ለምሳሌ 2018 ብሎ ይሞላል። ኮምፒውተሩ በጎርጎርዮሳዊው ስለሚያነበው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት የታወቁ ተቋማት የድረ ገጽ ሰርተፍኬቶች አንዱም አልተሰጠም ነበር። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት የሚያመጣው የስድስት ሰዓት ልዩነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ አያስነሣም፣ ሰርተፍኬቱ በዚያው ዕለት የወጣ ካልሆነ በስተቀር። ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ ይሻላል፤ በዊንዶውስ የሰዓት ክልሎች ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ ካጣችሁ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓቱ አንድ ነው።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ከቀጠለ፣ ሰርተፍኬቱን ከፍታችሁ ሰጪው ማን እንደሆነ አንብቡ። የአንቲቫይረሳችሁ ስም ከተጻፈ፣ ፕሮግራሙ ግንኙነቱን ለመፈተሽ መሀል ገብቶ በራሱ ማኅተም ሌላ ደብዳቤ ጽፏል፤ ማኅተሙ በመሳቢያው ውስጥ ስላልተገኘም ተመልሷል ማለት ነው። አንቲቫይረሱን ማዘመን ወይም እንደገና መጫን ይበቃል። በጣና ዳር ባሉ ሆቴሎች ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ምናልባት የመግቢያ ገጹ አልተሞላ ይሆናል፤ በሞባይል ዳታ ሞክሩና አወዳድሩ።

ማስጠንቀቂያው በአንድ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነና በሌላ መሣሪያና በሌላ መስመርም ያው ከሆነ፣ ችግሩ የድረ ገጹ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያልታደሰ ሰርተፍኬት ነው። ይህ እየበዛ እንዳይሄድ እሰጋለሁ፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 398 ቀን የነበረው የሰርተፍኬት ከፍተኛ ዕድሜ ከመጋቢት 2026 ወደ 200፣ በ2027 ወደ 100፣ በ2029 ወደ 47 ቀን እንዲያጥር ተወስኗልና፣ በእጃቸው የሚያድሱ አስተዳዳሪዎች አሠራራቸውን አውቶማቲክ ካላደረጉ አይደርሱበትም። ለባለቤቱ ስትደውሉ «አይከፍትም» ብቻ አትበሉ፤ ሙሉ አድራሻውን፣ በሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈውን የሰጪውን ስም፣ የሚያበቃበትን ቀንና ማስጠንቀቂያው የሰጠውን ምክንያት ንገሩት።