«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»

ሰው በደህናው ቀን አምቆ የያዘውን ነገር መጠጥ ሲቀምስ ይዘከዝከዋል ለማለት «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንላለን። ሳምንቱን ሙሉ ቂሙን ውጦ ፈገግ ሲል የሰነበተ ሰው ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ወንበሩን ያስጠጋል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎም «አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን እንዳትቀየመኝ» ይላል። ተረቱን የሚያውቅ አድማጭ ነገሩ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

«ያባው» የሚለው ቃል ዛሬ ከዚህ ተረት ውጭ እምብዛም ስለማይሰማ ከ«አባት» ጋር የሚዛመድ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ሥሩ ግን የግእዙ «ኀብአ» ነው፤ ሸሸገ፣ ደበቀ ማለት ነው። «ህቡዕ» የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። «ብቅል» ደግሞ ከ«በቀለ» የተገኘ ነው። እህሉ ውሃ ጠጥቶ ሲጎነቁል በውስጡ የታመቀው ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል፤ ያንን ስኳር ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። ተረቱን የፈጠረው ሰው አስቦበት ይሁን ሳያስበው እንጃ እንጂ፣ ብቅል ራሱ ያባውን ያወጣ እህል ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሆዱ ነው። በአማርኛ ምስጢር የሚቀመጠው በሆድ እንጂ በራስ አይደለም። ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ እንባ የሚቀድመው ሆደ ቡቡ ነው፤ የማይነገረውንም «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፈዋለን። ይህን የአነጋገር ጌጥ ብቻ አድርጎ ማየት ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉ። ሆድንና አንጎልን የሚያገናኘው ዋናው ነርቭ ቬገስ ይባላል፤ ከክሮቹ 80 በመቶ ያህሉ ወሬ የሚያመላልሱት ከታች ወደ ላይ ነው። አንጎል ሆድን ከሚያዝዘው ይልቅ የሚያዳምጠው ይበልጣል ማለት ነው።

ታዲያ የሰካራምን ምላስ የሚፈታው ሆድ ነው? አይደለም። አልኮል በአብዛኛው ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ «ተው፣ ይቅርብህ» የሚለውን የፊተኛውን ክፍል ያደክመዋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ የተሸሸገ እውነት ነው ብዬ ግን አላምንም። ስካር ያልነበረ ቂምም ይፈጥራል።

የሆድ ተራ የሚመጣው መጠጡ ልማድ ሲሆን ነው። የአንጀት የውስጥ ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ ነው። ሴሎቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎችን ከደም ይለያሉ። አልኮልና ከአልኮል የሚወጣው አሴታልዴሃይድ ይህን መጋጠሚያ ያላሉታል። ኢንዶቶክሲን የተባለው የባክቴሪያ ልባስ ስባሪ ሾልኮ ወደ ጉበት ያመራል፤ የሰውነት መከላከያ ይቆጣል፤ የቁጣው ወሬም በደም አንጎል ይደርሳል። የአንጀት ሴሎች የሚመገቡትን ቡቲሬት የሚያመርቱ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይመናመናሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የታተመ፣ በቤልጂየም የተካሄደ ጥናት ይህን በሱሰኞች ላይ ተመልክቷል። መጠጥ ካቆሙ ሦስት ሳምንት ገደማ ሆኗቸው እንኳ፣ አንጀታቸው ከላላውና የባክቴሪያቸው ስብጥር ከተዛባው መካከል ድባቴው፣ ጭንቀቱና አምሮቱ ከሌሎቹ በርትቶ ተገኝቷል። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ በዚያ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ቢሆንም «ጠጪው አቁሟል፤ አሁን ምን ሆድ ባሰው?» ለሚል ሰው መልሱ በከፊል እዚያው ሆድ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ተረቱ የሚገለበጥባቸው ጥቂት ሰዎችም አሉ። በአንጀታቸው እርሾ ከመጠን በላይ ይራባና የበሉትን ዳቦና ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል። አንድ ጉንጭ ሳይቀምሱ ይንገዳገዳሉ። በእነርሱ ቤት ብቅሉን የሚያወጣው ሆዱ ነው፤ «አልጠጣሁም» ሲሉ የሚያምናቸው ግን ከስንት አንድ ነው።