የአሜሪካ ሜዲካል ስኩል ማመልከቻ፦ ስለ ጊዜው የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ልጄ ባዮሎጂ እየጨረሰች ነው፤ ሜዲካል ስኩል መቼ ታመልክት?» ይህን ጥያቄ ከዋሽንግተንም ከአዲስ አበባም ትሰሙታላችሁ። መልሱ ለአሜሪካ ዜጋና ለውጭ ተማሪ አንድ አይደለም። ሰው ግን ለዜጎች የተጻፈውን ምክር አንብቦ ይነሳና መንገድ ላይ ይቀራል። የሚያሳዝነው፣ አንዳንዶቹ የሚቀሩት በውጤት አንሰው ሳይሆን በጊዜ ተሳስተው ነው።

እዚህ የማወራው ኤምዲ የሚባለውን የሐኪም ዲግሪ ስለሚሰጡ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ነው። ወራቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

«ማመልከቻው የሚዘጋው ኖቬምበር ነው፤ ምን ያስቸኩላል?»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ማመልከቻ ሁሉ ተሰብስቦ እስኪያልቅ አይጠብቁም። የደረሰላቸውን እያነበቡ፣ እየጠሩ፣ እየተቀበሉ ነው የሚሄዱት።

አብዛኞቹ የሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ አምካስ ይባላል። በሜይ መጀመሪያ ይከፈትና በሜይ መጨረሻ ገደማ መላክ ይቻላል። በጁን መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ወደ ትምህርት ቤቶቹ ይሄዳሉ። ሴኮንደሪ የሚባለው የየትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ጽሑፍ በጁላይና በኦገስት ይመጣል። ኢንተርቪው በኦገስትና በሴፕቴምበር ይጀምራል። ከኦክቶበር 15 ጀምሮ ደግሞ «ተቀብለንሃል» የሚለው መልስ መውጣት ይጀምራል። ትምህርቱ የሚጀመረው በቀጣዩ ዓመት ኦገስት አካባቢ ነው። ማለትም ከመላክ እስከ መግባት ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል።

አሁን በኖቬምበር የላከውን ሰው አስቡት። አምካስ እያንዳንዱን ኮርስ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ያመሳክራል፤ ይህ ሳምንታት ይወስዳል፣ በጥድፊያው ወቅት ከወር ሊያልፍም ይችላል። ፋይሉ ሲደርስ ብዙው የኢንተርቪው ቦታ ተይዟል። የውጭ ተማሪ ላይ ደግሞ ይብሳል። የውጭ ዜጋ የሚቀበሉት ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፣ የሚሰጡትም ወንበር ጥቂት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጁን ውስጥ ላኩ። ጁላይም አይከፋም። ኦገስት ካለፈ የሚቀጥለውን ዓመት ማሰብ ይሻላል።

ኢትዮጵያ ሆናችሁ ለምትሞሉ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ማመልከቻ የሚዘጋው ኦክቶበር 15 ቢሆን፣ ያ በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 5 ነው። «ጥቅምት 15» ብሎ በስልኩ የመዘገበ ሰው 10 ቀን ይቃጠልበታል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በፊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው የሚዘጋ ማመልከቻ፣ በኦክቶበር ለአዲስ አበባ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 2 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይሆናል።

«ቶሎ ለመሆን ኧርሊ ዲሲዥን ይሻላል»

ይህ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ቀድሞ አመልክቶ መልስ የሚጠበቅበት አማራጭ ነው፤ ኦገስት 1 ይዘጋል። መልሱ እስከ ኦክቶበር 1 ይመጣል። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ለሌሎቹ የምትጀምሩት በኦክቶበር ነው፤ የሸሻችሁት መዘግየት ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። የውጭ ተማሪ ባይነካው እመርጣለሁ።

«ኤምካቱም የድጋፍ ደብዳቤዎቹም ሳይሟሉ መላክ አይቻልም»

ይቻላል። አምካስ ማጣራት ለመጀመር የሚጠብቀው ትራንስክሪፕቱን ነው። ደብዳቤዎቹና የኤምካት፣ ማለትም የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው፣ ውጤት በኋላ ሊደርሱ ይችላሉ። ውጤታቸው ያልመጣላቸው ብዙዎች መጀመሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ይልካሉ። ማጣራቱ በዚያ ያልቃል፤ ውጤቱ ሲታወቅ ሌሎቹን ይጨምራሉ። ብልህ አካሄድ ነው።

ሆኖም ትምህርት ቤቶቹ ያለ ኤምካት ውጤት አይወስኑም። ፈተናው በጃንዋሪ፣ ከዚያም ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ይሰጣል፤ ውጤቱ ከወር በኋላ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በዚያው ዓመት ለምታመለክቱ እስከ አፕሪል፣ ቢዘገይ እስከ ሜይ መፈተን ያስፈልጋል። ለፈተና ወደ ሌላ አገር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ወንበሩንም ቪዛውንም ከወራት በፊት ያዙ።

ለመቅደም ብሎ ሳይዘጋጁ መቀመጥ ግን ትክክል አይደለም። ኤምካት በአንድ ዓመት 3 ጊዜ፣ በሁለት ዓመት 4 ጊዜ፣ በዕድሜ ዘመን 7 ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ዝቅ ያለው ውጤትም ከፋይሉ አይጠፋም።

«ከኢትዮጵያ ዲግሪ አለኝ፤ ዘንድሮ ላመልክት»

እኛ አገር ሕክምና በአብዛኛው ከ12ኛ ክፍል በኋላ ያለ ሌላ ዲግሪ ስለሚገባ፣ ዲግሪ ያለው ሰው «አልፌዋለሁ» ብሎ ያስባል። በአሜሪካ መጀመሪያ ባችለር ይጠይቃሉ። የውጭ አገር ባችለር ደግሞ ለአብዛኞቹ ብቻውን አይበቃም። ዲግሪው ወይም ቢያንስ ዋናዎቹ የሳይንስ ኮርሶች በአሜሪካ ወይም በካናዳ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። አምካስም ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የተላከ ትራንስክሪፕት አያጣራም።

ታዲያ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? እዚህ ላይ ኬሚስትሪው ነው ወሳኙ። ጄኔራል ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር ነው። እሱ ሳያልቅ ኦርጋኒክ አይጀመርም፤ ያም ብዙውን ጊዜ ሁለት ሴሚስተር ነው። ከዚያ ባዮኬሚስትሪ አለ። ፊዚክስና ባዮሎጂን ጎን ለጎን መውሰድ ይቻላል፤ ይህን ሰንሰለት ግን በትጋት ማሳጠር አይቻልም። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ግድም ነው። ኮርሶቹን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመውሰድ ያሰባችሁ፣ የምትፈልጉት ሜዲካል ስኩል ይቀበል እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

«ሐኪም ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ሜዲካል ስኩል እንደ አዲስ ልግባ?»

አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ሕክምና የጨረሰ ሰው መንገዱ ሌላ ነው፦ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባሉት የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች፣ የውጭ አገር ሐኪሞችን ሰነድ የሚያረጋግጠው የኢሲኤፍኤምጂ ማረጋገጫ፣ ከዚያ ሬዚደንሲ፣ ማለትም በሆስፒታል እየሠሩ መሠልጠን። የሬዚደንሲ ማመልከቻ የሚላከው በሴፕቴምበር ነው፣ ምደባው በማርች ይታወቃል፣ ሥራው ጁላይ 1 አካባቢ ይጀምራል።

«ግሪን ካርዱ ይደርሳል፤ ማመልከቻውን ላስቀድም»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዲቪም በቤተሰብም ይምጣ፣ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች እንደ ዜጋ ይታያል። በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን የውጭ ተማሪ ነው፤ ብዙዎቹ ማመልከቻውን ጨርሶ አያነቡም። የስቴት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የራሳቸውን ነዋሪ ያስቀድማሉ። በቴክሳስ የመንግሥት ሜዲካል ስኩሎች ከሚገባው ተማሪ ቢያንስ 90 በመቶው የስቴቱ ነዋሪ መሆን አለበት።

ገንዘቡም የሚከተለው ወረቀቱን ነው። የፌዴራል ብድር ለኤፍ-1 ተማሪ የለም፤ ግሪን ካርድ ላለውና ጥገኝነት ለተሰጠው አለ። የአሜሪካ ሜዲካል ኮሌጆች ማኅበር የሚሰጠው የክፍያ እርዳታም የሚያገለግለው ለዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸው፣ ስደተኝነትና ጥገኝነት ለተፈቀደላቸው፣ እንዲሁም ለዳካ ተጠቃሚዎች (በልጅነታቸው ያለ ወረቀት መጥተው ለጊዜው እንዳይባረሩ ለተፈቀደላቸው) ነው። የኤምካትን ዋጋ ይቀንሳል፤ በአምካስ እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስ ያለውን ክፍያ ያስቀራል። ነገር ግን ወደ ኋላ አይሠራም። ከፍላችሁ ከላካችሁ በኋላ ቢፈቀድላችሁ የከፈላችሁት አይመለስም።

ስለዚህ ወረቀቱ በወራት ውስጥ የሚደርስ ከሆነ አንድ ዙር መጠበቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ፣ እያንዳንዱን ትምህርት ቤት «የምታዩት ሳመለክት ያለኝን የመኖሪያ ሁኔታ ነው ወይስ ስገባ የሚኖረኝን?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሳቸው ይለያያል።

«አንድ ዓመት ማረፍ የሰነፍ ነው»

ይህ የወላጆች ስጋት ነው፤ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ሜዲካል ስኩል ከሚገቡት አብዛኞቹ ከኮሌጅ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይተው ነው የሚገቡት። ለውጭ ተማሪ ጥያቄው «በዚያ ዓመት በምን ሕጋዊ መንገድ እቆያለሁ?» የሚለው ነው።

መልሱ ኦፒቲ ነው፤ የ12 ወር የሥራ ፈቃድ። የኦፒቲው ማመልከቻ ትምህርቱ ከማለቁ 90 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ካለቀ በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ ይገባል። በሜይ ተመርቃችሁ በጁን ለሜዲካል ስኩል ብታመለክቱ፣ ኦፒቲውን ከጁላይ ማስጀመር ይቻላል። በቀጣዩ ጁላይ ሲያልቅ የ60 ቀን ፋታ አለ፤ ኦገስት ላይ ትምህርቱ ይጀምራል። ልክ ይገጥማል። ተጠንቀቁ ግን፤ በዚያ ዓመት ያለ ሥራ መቆየት የሚፈቀደው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። ሥራ ፍለጋው ከምረቃው በፊት ይጀመር። ባዮሎጂ ወይም ሌላ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስና ወይም የሒሳብ) ትምህርት ያጠና የ24 ወር ተጨማሪ መጠየቅ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ዙር ያልተሳካለት ሁለተኛ ዕድል አለው።

«ገንዘቡና ቪዛው ከተቀበሉኝ በኋላ ይታሰባል»

ቪዛ ለመጠየቅ አይ-20 የሚባለው ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ቅጽ ያስፈልጋል፤ አይ-20 ደግሞ ያለ ገንዘብ ማስረጃ አይሰጥም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የውጭ ተማሪ የአራቱንም ዓመት ወጪ አስቀድሞ በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠይቃሉ። የግል ብድር ካሰባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ዋስ ይፈለጋል። ለዋስነት ያሰባችሁትን አጎት ከማመልከታችሁ በፊት አነጋግሩት። ዋስነት በአንድ የስልክ ጥሪ «እሺ» የሚባል ነገር አይደለም፤ ባለቤቱንም ማማከር አለበት።

በተለይ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ብዙ ትምህርት ቤት የተቀበለው ተማሪ አንዱን የሚመርጠው እስከ አፕሪል 30 ነው፤ ዝርዝሩም በብዛት የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጁን ወይም ጁላይ ላይ ሊጠሩ ይችላሉ። ከአገር ውጭ ላለ ሰው በቀሩት ሳምንታት ውስጥ አይ-20 ማግኘት፣ የኤምባሲ ቀጠሮ መያዝና መብረር ከባድ ነው። የባንክ ደብዳቤውን፣ የዋሱን ሰነድና ፓስፖርቱን በማርች አዘጋጅታችሁ ተቀመጡ።