የፖሊመሮችና የኮፖሊመሮች መዋሃድ

ሁለት የተለያዩ ፖሊመሮች (ከተደጋጋሚ ትናንሽ ክፍሎች የተገጣጠሙ ረጃጅም ሰንሰለት መሰል ሞለኪውሎች) ቀልጠው አብረው ቢታሹ አብዛኛውን ጊዜ አይዋሃዱም፤ ለዓይን አንድ ወጥ የሚመስለው ድብልቅ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዱ በሌላው ውስጥ በጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ ይገኛል። ምክንያቱን ፖል ፍሎሪና ሞሪስ ሃጊንስ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ባወጡት ንድፈ ሐሳብ አብራርተውታል። ትናንሽ ሞለኪውሎች እንዲቀላቀሉ የሚገፋፋው ኢንትሮፒ (ወደ መበታተንና መደባለቅ ያለው ተፈጥሯዊ ዝንባሌ) ለረጃጅም ሰንሰለቶች ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ፣ በመካከላቸው ያለ ጥቂት አለመስማማት እንኳ ይለያያቸዋል። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ ሆነው ሳለ አይዋሃዱም።

ከሚዋሃዱት ጥቂት ጥንዶች እጅግ የታወቀው ፖሊስታይሪንና ፖሊፊኒሊን ኦክሳይድ ነው። የመጀመሪያው በ100፣ ሁለተኛው በ210 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከመስታወት መሰል ግትርነቱ ይላቀቃል፤ ድብልቃቸው ግን እንደ ምጣኔው በመካከል የሚያርፍ አንድ የሽግግር ሙቀት ብቻ ያሳያል። የመዋሃድ ዋናው መለያም ይኸው ነው። ብርሃን ማሳለፍ ብቻውን አያስተማምንም፤ ብርሃንን በእኩል መጠን የሚሰብሩ ፖሊመሮች ተለያይተውም ጥርት ብለው ይታያሉና።

ሙቀት መጨመር ሁልጊዜ መዋሃድን አያግዝም። ፖሊስታይሪንና ፖሊቫይኒል ሜቲል ኤተር በቶሉይን ሟሙተው ሲደርቁ ጥርት ያለ ስስ ሽፋን ይሰጣሉ፤ ሽፋኑ ሲሞቅ ይለያያሉና ይደፈርሳል። በክሎሮፎርም ከተሟሙ ግን ሽፋኑ ከመነሻው ደብዛዛ ነው።

የዘርፉ እጅግ ውብ ግኝት ያለው በኮፖሊመሮች፣ ማለትም በአንድ ሰንሰለት ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዓይነት ክፍሎች በተጣመሩባቸው ፖሊመሮች ዘንድ ነው። ፖሊስታይሪንም ሆነ ፖሊአክሪሎናይትራይል ከፖሊሜቲል ሜታክሪሌት ጋር አይዋሃዱም፤ የስታይሪንና የአክሪሎናይትራይል ኮፖሊመር ግን አክሪሎናይትራይሉ ከ9 እስከ 33 በመቶ ገደማ ሲሆን ይዋሃዳል፤ ከዚህ ሲያንስም ሲበልጥም መዋሃዱ ይቀራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ እንደሚለው፣ በአንዱ ሰንሰለት ላይ የተጣመሩት ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚገፋፉ፣ ሦስተኛው፣ ማለትም ፖሊሜቲል ሜታክሪሌቱ፣ በመካከላቸው መግባቱ ይህንን ግፊያ ያረግበዋል። ስለዚህ ለመዋሃድ መሳሳብ የግድ አያስፈልግም፤ ኬሚስቱ የኮፖሊመሩን ምጣኔ በማስተካከል ብቻ የማይስማማውን ማስማማት ይችላል።

ፒቪሲ (ፖሊቫይኒል ክሎራይድ) እና የናይትራይል ጎማም (የቡታዳይንና የአክሪሎናይትራይል ኮፖሊመር) በተገቢው የአክሪሎናይትራይል መጠን እንደሚዋሃዱ በሰፊው ይነገራል፤ ውህደታቸው እስከ ሞለኪውል ደረጃ መድረሱ ግን ያከራክራል።

ጨርሶ ለማይዋሃዱት ብሎክ ኮፖሊመር፣ ማለትም የተለያዩ ክፍሎቹ በየራሳቸው ረጅም ቁራጭ ሆነው የተያያዙበት ሰንሰለት፣ ይጨመራል። አንዱ ጫፉ በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው ፖሊመር ውስጥ ተተክሎ ወሰናቸውን ያያይዛል፤ ጠብታዎቹም ያንሳሉ፣ ተመልሰው መጋጠማቸውም ይገታል።