ጸጸት እና ንስሐ አንድ ናቸው?

ብዙ ጊዜ «ንስሐ ገባሁ» ስንል ማዘናችንን ወይም ማልቀሳችንን ማለታችን ነው። ሐዘኑ ጥሩ ነው፤ ግን ገና ደጃፉ ላይ ያለ ነው። በአዲስ ኪዳን ንስሐ ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል፣ ሜታኖያ፣ የአሳብ መለወጥን ያመለክታል።

ይሁዳን እንይ። ተጸጽቷል፣ 30ውን ብር መልሷል፣ መበደሉንም በአፉ ተናግሯል። (እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ከምናደርገው ይበልጣል።) የጎደለው ወደ አሳልፎ የሰጠው ጌታ መመለስ ነው። ጴጥሮስም 3 ጊዜ ክዶ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ በኋላ ግን ጌታ በባሕሩ ዳር መቆሙን ሲሰማ ጀልባው እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ልብሱን ታጥቆ ባሕር ውስጥ ገባ።

ትሕትና የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ራስን መስደብ ትሕትና አይደለም፤ እንዲያውም «እኔን የመሰለ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል!» የሚለው ቁጭት ብዙውን ጊዜ የተጎዳ ኩራት ነው። ትሑት ሰው ምሕረት አይገባኝም ይላል፤ ሲሰጠው ግን እጁን ይዘረጋል።

የተበደለ ሰው ካለስ? ቀራጩ (ግብር ሰብሳቢው) ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን 4 እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ኢየሱስ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ እንዲገባለት የከፈለው ዋጋ አልነበረም።