የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ወረቀት ላይ «ማርጂን ፖዘቲቭ» ሲል

ባሕር ዳር ውስጥ ጋሼ ፕሮስቴታቸው (ከወንድ ፊኛ ሥር ያለው እጢ) በካንሰር ምክንያት ወጥቶ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ወረቀቱ «ማርጂን ፖዘቲቭ» ብሎ ሲመጣ፣ ግማሹ ቤተሰብ እልል ሊል ይቃጣዋል፣ ግማሹ ኤችአይቪ መስሎት ይደነግጣል። ሁለቱም አይደለም።

ማርጂን ቢላው ያለፈበት ጠርዝ ነው። የወጣው እጢ ውጪው በቀለም ይቀባና ይቆራረጣል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የካንሰር ሴል ቀለሙን ከነካ ፖዘቲቭ፣ ካልነካ ኔጌቲቭ ይባላል። ፖዘቲቭ ስለተባለ የግድ ካንሰር ሰውነት ውስጥ ቀርቷል ማለት አይደለም። የመመለስ ዕድሉ ግን ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ፒኤስኤ የሚባለውን ከፕሮስቴት የሚመነጭ ፕሮቲን በሚለካ የደም ምርመራ በቅርብ ይከታተላል፣ አንዳንዴም ጨረር ያዛል።

ችግሩ ይሄ ውጤት የሚመጣው ቀናት ቆይቶ፣ ታካሚው ተሰፍቶ ካበቃ በኋላ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ ጠርዙን እዚያው የሚያዩት። የቆየው ዘዴ ናሙናውን አቀዝቅዞ በስሱ መቁረጥ ነው፤ ሃምቡርግ ያለው ማርቲኒ ክሊኒክ የሚታወቅበት ኒውሮሴፍ የሚባለው አሠራር በዚህ ይጠቀማል። አዲሱ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ግን ማቀዝቀዝም በስሱ መክተፍም አይፈልግም፣ ትኩሱን ናሙና ቀለም ውስጥ ነክሮ በሌዘር ይቃኝና በደቂቃዎች ምስል ያወጣል።

ይህን ያህል መቸኮል ለምን? የብልት መቆምን የሚያዝዙት ነርቮች ፕሮስቴቱን ተጠግተው ነው የሚያልፉት (እዚህ ላይ ማፈር አያስፈልግም)። ጠርዙ ንጹህ ከሆነ ነርቮቹ ይተዋሉ፤ ካንሰር ከነካው በዚያ በኩል ተጨማሪ ይቆረጣል። ፈጣኑ ምስል የመጨረሻውን የፓቶሎጂ ውጤት አይተካም።

ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ካለ፣ ጠርዙ በየት በኩልና ስንት ሚሊሜትር ያህል እንደተነካ ሐኪሙን ጠይቁት።