ጥጥና ማሾ በአንድ ማሳ፦ አሰባጥሮ መዝራት በወሎ ቆላ

ወሎ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ደጋው ነው። ጥጥ የሚስማማው ግን ቆላው ነው፤ እነ ቆቦ፣ ቃሉ፣ ባቲ። ድሮ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው የተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ አዋሽን በመስኖ ያገኝ ነበር። እዚህ የምናወራው ግን ሰማይ አይቶ ስለሚዘራ ገበሬ ነው።

ጥጥ አስተዳደጉ ቀርፋፋ ነው። በመስመር ሲዘራ አንዱ መስመር ከሌላው ከ80 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ይራራቃል፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ስምንት ሳምንታት ደግሞ ቅጠሉ መሬቱን አይሸፍንም። ያ ክፍት ቦታ ዝም ከተባለ አረም ይወርሰዋል፤ የሐምሌ ዶፍም አፈሩን ይጠርገዋል። ማሾ፣ ያ ጥቃቅን አረንጓዴ ፍሬ ያለው ጥራጥሬ፣ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ከ60 እስከ 75 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከተዘራ መስከረም ላይ ይለቀማል፣ ጥጡ ግን ከአምስት እስከ ስድስት ወር ስለሚፈልግ ገና ብዙ ይቀረዋል። ገበሬው ጥጡን እየጠበቀ እጁ ላይ እህል ይገባል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ማሾ ለአፈሩ ስለሚጨምረው ናይትሮጅን፣ ማለትም ለተክል ዋና ምግብ፣ ብዙ ይወራል፣ እውነትም አለው። አንድ የማሾ ተክል በጥንቃቄ ነቅለህ ሥሩን እየው፦ ጥቃቅን እባጮች አሉት። ሰንጥቀህ ስታየው ውስጡ ቀላ ካለ እባጩ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ነው፤ ነጣ ወይም አረንጓዴ ካለ ግን እየሠራ አይደለም። ከያዘው ውስጥ ብዙው ከፍሬው ጋር ይሄዳል፤ አፈሩ በደንብ የሚጠቀመው ገለባውና ሥሩ ማሳው ላይ ሲቀሩ ነው። ከብቱም ያንኑ ገለባ ይፈልጋል፣ ምርጫው ቀላል አይደለም።

ሌላው አቀንጭራ፣ የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም፣ ነው። የወሎ ማሽላ አብቃይ ጠላቱን ያውቀዋል። የጥጥ ሥር የአቀንጭራን ዘር ከመሬት ውስጥ ቀስቅሶ ያበቅለዋል፣ አቀንጭራው ግን ጥጡ ላይ መጣበቅ ስለማይችል ይሞታል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ለሚዘራው ማሽላ ትንሽ ፋታ ይሆናል።

ዋጋም ያስከፍላል። ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀጥ ካለ ሁለቱ በአንድ እርጥበት ይሻማሉ። በሁለት የጥጥ መስመር መሃል አንድ የማሾ መስመር ይበቃል፤ ማጨቅ ኪሳራ ነው። ቦዩን በየመሃሉ አስሮ ውሃ ማቆርም በጣም ይረዳል። የሚታየው የጥጡ ምርት መቀነስ ብቻ መሆን የለበትም፦ ጥጡ ለብቻው ቢዘራ ከሚሰጠው 80 በመቶ፣ ማሾውም ለብቻው ቢዘራ ከሚሰጠው 50 በመቶ ከሰጡ፣ አንድ ሄክታር የ1.3 ሄክታር ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ሽምብራን ከጥጥ ጋር ማዋል ግን አልመክርም፤ ጓይ ትል ሁለቱንም ይበላል። ጥጥ ላይ ኬሚካል መርጨት ግድ ከሆነም ማሾው የሚበላ ነገር መሆኑ አይረሳ። የመድኃኒቱ መለያ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት አለበት የተባለው ቀን ሳያልቅ ፍሬው ወደ ቤትም ወደ ገበያም አይሂድ።