ላስቲኩ ስላልተቀደደ ሃርድ ዲስኩ አዲስ ነው?

በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ሱቆች ሃርድ ዲስክ ሊገዛ የገባ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ቴራ ነው?» እና «አዲስ ነው?» ብሎ ነው። ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ላስቲኩን አታየውም እንዴ?» ገዢው ያያል፣ ይረካል፣ ይከፍላል። ስለ ዲስክ የሚነገሩ እንዲህ ያሉ አባባሎችን አንድ በአንድ እንያቸው።

«የታሸገ ሁሉ አዲስ ነው።» ላስቲክ የምንላት ያቺ ብርማ ከረጢት ለማንም የምትሸጥ ርካሽ ዕቃ ናት። ከሰርቨር ወይም ከደህንነት ካሜራ መቅረጫ የወጣ ዲስክ ተወልውሎ እንደገና ሊታሸግባት ይችላል። እውነቱን የሚያወጣው ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ባለሱቁ ዲስኩን ሰክቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለው የሠራበት ሰዓት ነው፤ አዲስ ዲስክ ዜሮ ወይም ጥቂት ሰዓት ብቻ ያሳያል። 26,000 የሚል ከሆነ ሦስት ዓመት ያህል ቀንና ሌሊት ሲሽከረከር የኖረ ነው። ቀጥሎ «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» እና «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» የሚሉትን መስመሮች ተመልከቱ፤ የተበላሹና የሚያጠራጥሩ የዲስኩ ክፍሎች ቁጥር ስለሆኑ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። የምታነቡት ግን የመጨረሻውን ዓምድ ነው። ከእሱ በፊት የሚታየው 100 ወይም 200 የጤንነት ነጥብ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ። የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ካልተቀየረ በስተቀር በአሥራ ስድስት ቤት ስለሚጻፍ እዚያ 64 ማለት 100 ነው።

ሰዓቱ ዜሮ ሆኖም አትቸኩሉ፤ ይህን ቆጣሪ መልሰው ዜሮ የሚያደርጉ አሉ። ተለጣፊው ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ፕሮግራሙ ከሚያሳየው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ የተመረተበትንም ቀን አንብቡ። ሲጌትም ሆነ ዌስተርን ዲጂታል በድረ ገጻቸው ሴሪያል ቁጥሩን ስታስገቡ የዋስትናውን ሁኔታ ይነግሯችኋል። ከአራት ዓመት በፊት ተመርቶ፣ ዋስትናው አልቆ፣ «ዜሮ ሰዓት» የሚል ዲስክ በአዲስ ዋጋ አይገዛም። ያገለገለ መሆኑ ተነግሮ ዋጋው ከወረደ ግን ለፊልም ማስቀመጫ ምን ይከፋል?

«ዊንዶውስ 16 ቴራ ካለ 16 ቴራ ነው።» ዊንዶውስ የሚደግመው የዲስኩ መቆጣጠሪያ ቺፕ የነገረውን ነው። በጥቂት ሺህ ብር የሚሸጡት የኪስ ኤስኤስዲዎች (የማይሽከረከሩ፣ በቺፕ የሚሠሩ ዲስኮች) ተከፍተው ሲታዩ ውስጣቸው አብዛኛውን ጊዜ የሞባይል ሚሞሪ ካርድ ነው። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የምትገለብጡት ፋይል ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም። ማረጋገጫው ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ በሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን ጢም አድርጎ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። 1 ቴራ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ሲጻፍ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ማንበቡም ያንኑ ያህል ይፈጃል። ሱቅ ቆማችሁ አትጨርሱትም፤ ስለዚህ ፈትሻችሁ ካልሆነ እንደምትመልሱ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

«1 ቴራ ብለው 931 ሸጡልኝ።» ማንም አልሰረቃችሁም። ፋብሪካው በ1,000 ያባዛል፣ ዊንዶውስ በ1,024 ያካፍላል።

«ኮምፒውተሬ አሮጌ ስለሆነ ኤስኤስዲ አይጠቅመውም።» እንዲያውም ከማንም በላይ የሚጠቅመው እሱን ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይፈልጋል። የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ መቶ ያህል ቦታ ብቻ ነው መድረስ የሚችለው፤ ኤስኤስዲ በአሥር ሺዎች ይደርሳል። ዲስክን ከኮምፒውተሩ በሚያገናኘው፣ ዘገምተኛ በሆነው የድሮ የሳታ መስመር ላይ እንኳ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች 256 ጊጋ ያብቃቃል፣ 512 ይመቻል። አሮጌውን ዲስክ አትጣሉት፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ለፎቶና ለፊልም እዚያው ይቀመጥ። የሳታ ኬብል አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ስለማይኖር ለብቻው ግዙ።

«ኤም ዶት ቱ ሁሉ አንድ ነው።» ኤም ዶት ቱ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀጭን ኤስኤስዲ ነው። ቅርጹ አንድ ሆኖ ቋንቋው ሁለት ነው፤ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። አንዱን ብቻ የሚቀበል ሶኬት ላይ ሌላው ጭራሽ አይታይም። የማዘርቦርዱን ሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ሂዱ። በአስማሚ ካርድ ኤንቪኤምኢ የተገጠመላቸው ብዙ አሮጌ ቦርዶች ዲስኩን ያዩታል፤ ዊንዶውስን ግን ከእሱ አያስነሱም።

«የአዲስ አበባ ከፍታ ሃርድ ዲስክ ይገድላል።» አብዛኞቹ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው፤ መሃል ከተማው 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ጭንቀቱ እንጦጦ ጫፍ ላይ ኮምፒውተር ለሚያቆም ይተው።

«ስታብላይዘር ስላለኝ መብራት ቢጠፋም ችግር የለም።» ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያጠራቅምም፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል። የሚሽከረከረው ዲስክ ኃይል ሲቋረጥ የማንበቢያ ጭንቅላቱን ራሱ ያቆማል፤ የሚበላሸው በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ ያለው ፋይል ነው። ኤስኤስዲም ከዚህ አያመልጥም። የሚያስፈልገው ሥራን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በወጉ ለማጥፋት የሚበቃ አምስት ደቂቃ የሚይዝ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ነው። ባትሪው በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ስለሚደክም፣ በየጊዜው ሶኬቱን ነቅላችሁ እስከ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ ሞክሩት።